የአልፋው አ ባለቤት

አራሚያችን ለሥራ የተፈተነች ቀን እናቷም አብረዋት መጥተው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ልጅቷን የጠየቀውን ሁሉ የሚመልሱት እናትየው ናቸው። «ታነባለች። ቀን ከሌት ታነባለች። ሰው አትተናኮልም» ይላሉ። በዚህ መሀል ልጅቷ ዐይኗን ከጠረጴዛው ጠርዝ ሳትነቅል አፏን ከፈተች።

«ኦቲዝም አለብኝ። ድንገተኛ ድምፅ አልወድም። ሰው ሲያናግረኝ ዐይን ዐይኑን አላይም፤ ግን እየሰማሁ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ደነገጠ። «እግዜር ይማርሽ» አላት።

«አላመመኝም» አለችው።

እኔ የዚያ አሳታሚ ድርጅት አርታዒ ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት የአሁኑ ሥራ አስኪያጅ ገና ትምህርት ቤት ሳይገባ፣ በአባቱ ጊዜ ነው። ስለዚህ ፈተናውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሆን ብዬ ስሕተት የሞላሁበት አንድ ገጽ። ሌሎቹ ተፈታኞች በሃያ ደቂቃ ጨርሰው ሄዱ። እሷ ሁለት ሰዓት ፈጀች። እናትየው በኀፍረት ሻርፓቸውን ሲያፍተለትሉ ቆዩ። ወረቀቱን ስትመልስ ግን እኔ ካስገባኋቸው ስሕተቶች አንድም አላመለጣትም፤ ሳላውቅ የሠራኋቸውን ሁለቱን ጭምር ለቅማ አውጥታቸዋለች። ቀጠርናት።

ቢሯችን ከአንድ የጎማ ጥገና ቤት በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የአየር መሙያው ሞተር በተነሣ ቁጥር መስኮቱ ይርገበገባል። እሷ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጀርባ ጠረጴዛዋን አስጠግታ፣ ጆሮዋ ላይ ትልቅ ማዳመጫ ደፍታ ትሠራለች። የቢሮው ሰው «አራት ነጥብ» የሚል ስም አወጣላት፤ ስትናገር ዓረፍተ ነገሯን ጥርቅም አድርጋ ነው የምትዘጋው፣ «እንግዲህ»፣ «እንዲያው»፣ «ምን ለማለት ነው» የሚባል ነገር አታውቅም። ስሙን የሰማች ቀን ጥቂት አሰበችና፣ «ከጥያቄ ምልክት ይሻላል» አለች። ቀለደች ወይስ የምሯን ነው? ለጊዜው አልገባኝም ነበር።

ካርዶች ነበሯት። ለእያንዳንዱ ደራሲ አንድ ካርድ። ደራሲው የቱን ፊደል እንደሚያዘወትር፣ ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚያስቀምጥ፣ የትኛውን ቃል እንደሚደጋግም በደቃቅ ጽሕፈት ትመዘግባለች። በምሳ ሰዓት ደግሞ ከድሮው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ እሷ ከመቀጠሯ በፊት የታተሙ መጻሕፍትን ረቂቅ እያወጣች ታነባለች። እኔ እንደ ጨዋታ ነበር የማየው። ሰው ቴምብር ይሰበስብ የለ?

እንዲህ ሰባት ዓመት ሄደ። ከዚያ አንድ ሌላ አሳታሚ ቤት ጉድ ፈላ። አንድ ሰው ራሱን ደራሲው አስመስሎ በኢሜይል ጽፎ፣ ገና ያልታተመ ልቦለድ እንዲላክለት ጠይቆ፣ የዋሆቹ ሠራተኞች ላኩለት። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሳይገባ በየሰው ስልክ ሲዞር ከረመ። የኛ ሥራ አስኪያጅ ወሬውን ሲሰማ እንቅልፍ አጣና የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያ አምጥቶ አስቀመጠን።

ባለሙያው ቀጠን ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። «ሦስት ነገር ስታዩ ተጠራጠሩ» አለን። «አድራሻው አዲስ ከሆነ፣ ካስቸኮላችሁ፣ አትደውሉልኝ ካላችሁ። በጥቅሉ ሁሉንም ተጠራጠሩ።»

አራሚዋ እጇን አወጣች። «እርስዎ ባለሙያው መሆንዎን በምን እናውቃለን?»

ሥራ አስኪያጁ ራሱን ያዘ። ባለሙያው መታወቂያውን አወጣ፤ ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ «መታወቂያም ይፎረጃል። ድርጅቴ ደውይ፤ ቁጥሩን ግን ከኔ አትቀበዪ፣ ራስሽ ፈልጊው» አላት። ፈለገች። ደወለች። መልኩ ምን እንደሚመስል ጠየቀች። ሁላችን ቁጭ ብለን አሥር ደቂቃ ጠበቅን። በዚያ ክፍል ውስጥ ፊቱ የበራው እሱ ብቻ ነበር።

ሳምንት ከሁለት ቀን እንደሆነ ለኔ አንድ ኢሜይል መጣ። የላኩት አንጋፋው ደራሲያችን ናቸው። አምስት መጽሐፎቻቸውን አሳትመንላቸዋል፤ ስድስተኛውን ባለፈው ወር በእጃቸው አምጥተው ሰጥተውኛል። ሁላችን «ጋሼ» ነው የምንላቸው። እንዲህ ይላል፦

«ውድ ወዳጄ፤ የሰጠሁህን የልቦለድ ፋይል ባስቸኳይ በዚህ አድራሻ መልስልኝ። የድሮው አድራሻዬ አልከፈት ብሎኛል። የኔን ቅጂ ምን እንደነካሁት እንጃ፣ ጠፋ። ዓመት ሙሉ ዐይኔን የጨረስኩበት ሥራ ነውና አደራህን። እቤት እንዳትደውል።»

ልልክላቸው እጄን አንሥቼ ቆም አልኩ። አዲስ አድራሻ። ባስቸኳይ። አትደውል። ባለሙያው የነገረን ሦስቱም ምልክት አንድ ላይ ተሰልፎ መጥቷል። እንደ ቀልድ አራሚዋን ጠራኋትና አሳየኋት። ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አውርዳ፣ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይህን ጋሼ አልጻፉትም።»

«በምን አወቅሽ?»

«‹ዓመት› በዐይኑ ዓ ተጽፏል። ‹ዐይን›ም በዐይኑ ዐ ነው። ጋሼ በዐይኑ ዐ ጽፈው አያውቁም። ሁሌም በአልፋው አ ነው። ሐመሩን ሐም አይጠቀሙም። በአምስቱም መጽሐፍ ረቂቅ ላይ አንድ የለም።»

«አንድ ቀን ጣታቸው ቢስትስ?»

«አንድ ጊዜ ይስታል። ሁለት ጊዜ አይስትም።»

ነገሩ ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ደረሰ። እሱ ደግሞ ከሌባው ይልቅ የሚፈራው የጋሼን ኩርፊያ ነው። «ሽማግሌውን ብናስቀይማቸው ሌላ አሳታሚ ጋ ነው የሚሄዱት!» ብሎ ቢሮ ውስጥ ይንጎራደድ ጀመር። ለማስታረቅ ለባለሙያው ደወልኩለት። መልእክቱን ተቀብሎ፣ ከበስተጀርባው ያለውን መረጃ አጣርቶ፣ በማግስቱ መጣ።

«ይህ መልእክት የተላከው የድሮዎቹ የጋሼ መልእክቶች ይላኩበት ከነበረው የኢንተርኔት መስመር ነው» አለ። «ቤቱ ያው ነው። የማን እጅ እንደጻፈው ግን የኔ መሣሪያ አይነግረኝም።»

ሥራ አስኪያጁ እፎይ አለ። ወደ አራሚዋ ዞሮ፣ ጆሮዋ የማይሰማ ይመስል ድምፁን ከፍ፣ አነጋገሩን ዝግ አድርጎ፣ «ተ... ሳስ... ተሻል!» አላት።

«ከቤታቸው መጣ ማለት እሳቸው ጻፉት ማለት አይደለም» አለች እሷ፣ በራሷ ድምፅ።

ሥራ አስኪያጁ ክንዴን ይዞ ወደ ኮሪደር አወጣኝ። «ሕመሟ ነው፣ አንዴ ከያዘች አትለቅም። አትፍረድባት። አንተ ፋይሉን ላክላቸውና ይብቃ» አለኝ። እሺም እምቢም ሳልል ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እልህ ሳይሆን አንድ ነገር ከንክኖኝ ነው ያልላክሁት። ባለሙያው ዋሽቶ አያውቅም። እሷም ዋሽታ አታውቅም። ሁለቱም ልክ ከሆኑ ምን ማለት ነው?

ከሰዓት በኋላ መደርደሪያውን ዞሬ ሄድኩ። «የአዲሱን ልቦለድ ካርድ አሳዪኝ እስቲ።»

ሁለት ካርድ አወጣች።

«ለአንድ መጽሐፍ ለምን ሁለት ሆነ?»

«ሁለት ሰው ስለሆነ።»

ከምዕራፍ አንድ እስከ ዘጠኝ አንድ ካርድ፣ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሌላ ካርድ። የመጀመሪያው ላይ ሁሉም በአልፋው አ እና በሃሌታው ሀ ነው። ሁለተኛው ላይ ዐይኑ ዐ እና ሐመሩ ሐ እንደ ልብ። ልክ እንደ ኢሜይሉ። «ነግሬዎት ነበር» አለችኝ፣ ያለ ወቀሳ። አስታወስኩ። ምዕራፍ አሥር መግቢያ ላይ በኅዳጉ፣ «ከዚህ በኋላ ሌላ ሰው ነው» ብላ በእርሳስ ጽፋ ነበር። እኔ ስለ ገጸ ባሕርይው መስሎኝ፣ «ትክክል፣ ተለውጧል» ብዬ ከሥሩ ጽፌላታለሁ! ሰባት ዓመት አብሬያት ስሠራ የምትለውን በቁሙ እንደምትል አልገባኝም ነበር ማለት ነው።

ሌላም የማፍርበት ነገር አለ። የመጨረሻዎቹ ስድስት ምዕራፎች ደረቅ እንደሆኑ እኔም አውቄው ነበር። ሰዎቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ይናገራሉ፤ ለምን እንደሚናገሩ ግን አይታወቅም። «እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ» ብዬ በሆዴ ይዤው ቀረሁ። ሽማግሌን ማክበር መስሎኝ።

አሁን ግን ሐሳብ ገባኝ። በጋሼ ቤት ሆኖ፣ በጋሼ ስም የሚጽፍ፣ መጽሐፋቸውንም የሚቀጥል ሰው ካለ እሳቸው ምን ሆነው ነው? መደወል አልፈለግሁም። «ሄደን እንያቸው» አልኳት። ኮቷን አነሣች።

አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀመጠች። ዝምታዋን ለመስበር፣ «የተለየ ተሰጥኦ አለሽ» አልኳት። ቅር አላት መሰለኝ፣ ጣቶቿን ማፍተልተል ጀመረች።

«ተሰጥኦ አይደለም። ሥራ ነው። ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል። እርስዎ መጀመሪያ ታሪኩን ያነባሉ። እኔ መጀመሪያ ፊደሉን አነባለሁ፣ ታሪኩን በሁለተኛው ነው የማነበው።»

«ታሪኩንስ ትወጂዋለሽ?»

«የጋሼን እወዳለሁ። ሴቶቹ የሚያስቡትን ይናገራሉ።» ወደ መስኮቱ ዞረችና፣ «ከምዕራፍ አሥር በኋላ ግን አይናገሩም» አለች።

ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን የከፈቱልን ባለቤታቸው ናቸው፣ በግራ እጃቸው። ቀኝ ክንዳቸው ከክርናቸው እስከ ጣታቸው በጀሶ ታስሯል። ክው አልኩ።

«እትዬ! ምን ሆኑብን?»

«ደረጃ ነው፣ ተወው። ሦስት ወር ሆነኝ። አጥንቱ መጀመሪያ ያለ ቦታው ገጠመና እንደገና ሰብረው አሰሩልኝ። እሱ ፀጉሩን ሊቆረጥ ወጥቷል፣ አሁን ይመጣል። ግቡ፣ ግቡ። ይቺ ልጅ ማናት?»

«አራሚ ነኝ» አለች።

እንግዳ መቀበያው ጠባብ ናት። ከመስኮቱ ሥር የጽሕፈት ጠረጴዛ፣ በላዩ ኮምፒውተር። ፊት ለፊቱ ደግሞ ትራስ የተነጠፈበት አንድ ወንበር አለ፤ የእትዬ መቀመጫ መሆኑ ያስታውቃል። እትዬ በአንድ እጃቸው ሻይ ሊያፈሉ ሲታገሉ ልረዳቸው ተነሣሁ። አራሚዋም ተነሣች፤ እሷ ግን የሄደችው ማቀዝቀዣው በር ላይ ወደተለጠፈች አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነው። አፍንጫዋ ወረቀቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ ቆመች። የቆየች ማስታወሻ ናት፦ «ሀሙስ ሀኪም ቤት። የአይን ጠብታ ማታ ማታ። አመት ሳይሞላው መነጽሩ ይቀየር።»

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ። ለሱ ዐይን ነው። ምነው ልጄ?»

«መጽሐፎቹን የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

የያዝኩትን ስኒ አስቀመጥኩት። እትዬ ግን ፈገግ አሉ። «የተየብኳቸው ነኝ» አሉ። «ድሮ ጸሐፊ ሆኜ በተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት የነበረችው የጽሕፈት መኪና ሐመሩ ሐ ተሰብሮባታል፣ ዐይኑ ዐ ይጣበቃል። አለቃዬ ‹ባለሽ ጻፊ› አለኝ። ባለኝ ጻፍኩ። እጄ በዚያው ለመደ። እሱ እንኳ ስንት ጊዜ ተቆጥቶኛል፤ እሱ የድሮ ተማሪ ነው፣ ፊደል አያምታታም።»

ስለዚህ ኢሜይሉ የራሳቸው የጋሼ ነው። በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ከምዕራፍ አሥር ወዲህ ያለውም ምናልባት በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው በጣታቸው የጻፉት ነው! ነገሩ በዚህ ያለቀ መሰለኝና ልስቅ ስል አራሚዋ ቀጠለች።

«ፊደሉ ብቻ አይደለም። ከምዕራፍ አሥር በኋላ ሰዎቹም ሌላ ናቸው። ዓረፍተ ነገሩም ሌላ ነው። ሲተይቡ ብቻ እንዲህ አይሆንም።»

የእትዬ ፈገግታ ጠፋ። «ምን ምዕራፍ አሥር?» አሉ ወደኔ ዞረው። «ዘጠኝ ላይ አይደል እንዴ የቆመው? እጄ እስኪድን ቆሞ የለም እንዴ?»

ምን ልበል? መጽሐፉ በሰው እጅ ገብቷል፣ ታርሟል፣ ሽፋኑ እንኳ ተጀምሯል። አፌን ከፍቼ ሳልዘጋው የበሩ ቁልፍ ተንኳኳና ጋሼ ገቡ። ፀጉራቸው ገና መቆረጡ ነው፣ አንገታቸው ላይ ዱቄት አለ። እኛን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«እቤት እንዳትደውሉ አላልኩም?»

«አልደወልንም። መጣን» አለች አራሚዋ። ቀጥላም፣ እንደ ቆመች፣ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ ተናገረች። «እርስዎ ሌባ መስለውኝ ነበር። ኢሜይሉ የእርስዎ ነው። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ግን መጽሐፎቹን የጻፉት እርስዎ ብቻ አይደሉም።»

ጋሼ ቱግ አሉ። «ማን አባቷ ናት ይቺ? ማነው በቤቴ ቆማ እንዲህ እንድትናገረኝ ያመጣት?»

እዚህ ላይ ያደረግሁትን ሳልሸሽግ ልናገር። ብድግ አልኩና በመሀላቸው ገባሁ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉላት። ኦቲዝም አለባት፣ የምትለውን አታውቅም» አልኩ። በደግነት ድምፅ፣ ሰው በሚያባብል ድምፅ። ነገሩን የማድበስበሻ ቀላሉ መንገድ እሱ ሆኖ ታየኝ። እውነቱን ትቼ ተናጋሪዋን ሳጣጥል አንድም ነገር አልጎረበጠኝም።

አራሚዋ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ ነካ ነካ አደረገች። «ኦቲዝም ስላለብኝ አይደለም ያልኩት» አለች። «ልክ ስለሆነ ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ናቸው። እንደ ሕፃን ከልባቸው ሳቁ፣ ጀሶ የታሰረውን ክንዳቸውን ታቅፈው። ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋና ባላቸውን አዩ።

«ጨርሰህ ሰጠሃቸው?»

ጋሼ በዚያች ትራስ ባላት ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ዱቄቱን ከአንገታቸው ሲጠርጉ ቆዩ።

«ሞከርኩ» አሉ በመጨረሻ። «ሌት ስትተኚ። በሁለት ጣት። ሰጥቻቸው ስመለስ መንገድ ላይ ነው የታወቀኝ። አላበጀሁትም። መልሼ ልሠራው ብል የራሴንም ቅጂ አጠፋሁት፣ መልሱልኝ አልኳቸው።»

«ብትጠይቀኝስ? አንደበቴ አልተሰበረ። እኔ እነግርህ የለ?»

«ከጠየቅኩሽ...» አሉና አቆሙ። «ከጠየቅኩሽ ማመን ሊሆንብኝ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ሁሉ በሁለቱ መካከል የነበረ ወሬ ነው፤ እኛን የረሱን መሰለኝ። ለካስ ነገሩ እንዲህ ነው፦ እሳቸው ራት ላይ ታሪክ ያወራሉ፣ ጥሩ አድርገው። እትዬ ይተይባሉ። መጀመሪያ ያነከሰ ዓረፍተ ነገር ያቃኑ ነበር። ከዚያ አንዲት ሴት ያለ ምክንያት ስታለቅስ ሲያዩ ምክንያት ሰጧት። ከዚያ ያልነበረች እኅት ጨመሩ። ጋሼ በመጀመሪያው መጽሐፍ ጊዜ አንድ ገጽ አንብበው፣ «ይህን እኔ ነኝ ያልኩት?» ብለው ጠይቀዋል። «አዎ» ተባሉ። ከዚያ ወዲህ ጠይቀው አያውቁም።

«ታውቅ ነበር?» አሏቸው እትዬ።

«አውቅ ነበር እንጂ።»

እትዬ ወደኔ ዞሩ። በቁጣ አልነበረም፤ የምር ማወቅ ፈልገው ነው። «አንተስ? ይሄን ሁሉ ዘመን ስታነብ፣ አንድም ቀን ማን ይሆን ብለህ አላሰብክም?»

የሰው ጽሑፍ ማንበብ እንጀራዬ ነው፣ የሽፋኑን ስም ግን ሁልጊዜ ካነበብኩ በኋላ ነበር ውስጡን የማየው።

ስንወጣ ደረጃው ላይ አራሚዋን አስቆምኳት። «ቅድም ስላልኩት ይቅርታ» አልኳት።

«የቱን?»

«ኦቲዝም አለባት ያልኩትን።»

«እሱ እውነት ነው» አለች። «ስሕተቱ ‹የምትለውን አታውቅም› ያሉት ነው።» ከዚያ ይቅርታዬን መቀበሏን ወይም አለመቀበሏን ሳትነግረኝ ወረደች። ሁለት ደረጃ ወርዳ፣ «ተቀብያለሁ» አለች፣ የረሳችው ነገር ትዝ እንዳላት ሰው።

በማግስቱ ለባለሙያው ደወልኩለትና ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ፣ «ወይ ጉድ» አለ። «እኛ ሁሌ የምንጠይቀው ማን ላከው ብለን ነው። ማን ጻፈው ብለን ጠይቀን አናውቅም።» በሳምንቱ ቢሮ ድረስ መጥቶ አራሚዋን ካርዶቿን እንዴት እንደምትሠራ ጠየቃት፣ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ሲጽፍ ዋለ። ሲሄድ ድርጅቱ እንደሚቀጥራት ነገራት።

«መጽሐፍ አለ?»

«የለም። ኢሜይል ነው።»

«ኢሜይል መጨረሻ የለውም» ብላ እምቢ አለችው።

ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ዘለለ። ትናንት «ሕመሟ ነው» ያለው ሰው አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ መደርደሪያው ጀርባ እየወሰደ «ይቺ ተአምረኛ ናት» እያለ ያሳያት ጀመር። አንድ ቀን የማይታወቅ ሰው የጻፈለትን ደብዳቤ አምጥቶ፣ «ማነው ይሄ? ንገሪኝ» አላት። «አላውቅም። ካርድ የለኝም» አለችው። ተስፋ የቆረጠ ፊት አሳየ። በማግስቱ ማንም እንግዳ ይዞ እንዳይመጣባት በወረቀት ጽፋ መደርደሪያው ላይ ለጠፈች።

መጽሐፉ በአምስት ወር ዘገየ። የመጨረሻዎቹን ስድስት ምዕራፎች እትዬ በቃል ነገሩ፣ ጋሼ በሁለት ጣታቸው ተየቡ። አንዳንድ ቀን ስሄድ ሲጨቃጨቁ እደርሳለሁ። «ያላልኩትን አትጨምር!» ይላሉ እትዬ። «ሠላሳ ዓመት ማን ሲጨምር ኖሮ!» ይላሉ ጋሼ። አንዴ ለሦስት ቀን ተኳርፈው ሥራ ቆሟል። ጋሼ ነገሩን በሙሉ ልብ አልተቀበሉትም፤ ተቀብለውታል ብሎ የሚያስብ ካለ አልተረዳኝም ማለት ነው። አንዳንዴ ብቻቸውን መስኮት ሥር ተቀምጠው አምስቱን መጽሐፎቻቸውን እያገላበጡ አገኛቸዋለሁ።

የሽፋኑ ነገር ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ፣ «አንባቢ የሚያውቀው አንድ ስም ነው» ብሎ ተከራከረ። እትዬ፣ «ስሜ ይግባ። ፎቶዬ አይግባ። የድሮዎቹን አትንኩ» አሉ። ሁለት ስም ገባ። ጋዜጣ ላይ አንዱ «የሽያጭ ዘዴ ነው» ብሎ ጻፈ፤ ሌላው ያለፉትን አምስት መጻሕፍት እንደገና አንብቦ፣ የእትዬ ናቸው ያላቸውን ገጾች በልበ ሙሉነት ዘረዘረ። ዝርዝሩን ለአራሚዋ አሳየኋት። አብዛኛው ስሕተት እንደሆነ ነገረችኝ፤ ሰው የሚያለቅስባቸውን ገጾች ሁሉ ለሴትየዋ ሰጥቷቸው ነበርና።

እትዬ ይህን ሲሰሙ ነገሩ ሐሳባቸውን ያዘው። እሳቸውም ራሳቸው የቱ የማን እንደሆነ መለየት እንደማይችሉ አንድ ቀን አጫወቱኝ። ጀሶው ወልቆላቸው፣ ክንዳቸው ቀጥኖ ነበር። «እስቲ ያቺ ልጅ ትምጣልኝ» አሉ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትሄዳለች። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ረቂቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ ሁለት ቀለም እርሳስ ይዘው፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ይወርዳሉ። ጋሼ በራቸውን ገርበብ አድርገው ያዳምጣሉ። አንድ ቅዳሜ እኔም አብሬ ሄድኩ። አንዲት እናት ልጇን ባቡር ጣቢያ ስትሸኝ፣ ኮቱን ቆልፋለት መልሳ የምትፈታበት ቦታ ላይ ደረሱ። እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ።

«ይህችስ? የኔ ናት ወይስ የሱ?»

አራሚዋ አንዴ አነበበች፣ ደገመች። እርሳሶቹን አየች። ሁለቱንም አስቀመጠቻቸው።

«ይህችን አላውቅም።»

ከወዲያኛው ክፍል ጋሼ ሳል ሲሉ ሰማናቸው። እትዬ ወንበራቸውን ወደ ልጅቷ አስጠጉና፣ «እንግዲያው ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ እስቲ» አሏት።